የአባዬ ጺምና የእማዬ ምላጭ

ይህ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። በሰው ተስፋ በቆረጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኝና አፌን ያስዘጋኛል።

እማዬ ከሞተች በኋላ አባዬ ጺሜን አልላጭም አለ። ለሐዘን ማሳደጉስ ወግ ነው፤ አርባዋ ከወጣ በኋላ ግን የንስሐ አባታችን ሳይቀሩ መጥተው ለመኑት። «በእሷ ምላጭ ካልሆነ ጉንጬን ማንም አይነካውም» አለ፤ በቃ። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ የምትላጨው እሷ ነበረች፣ በዚያ እንደ ሴንጢ በሚታጠፈው የድሮ ምላጭ። ጺሙ ደረቱ ላይ ደረሰ። ከቤት መውጣት ተወ፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ቀረ። እሱንም ላጣው ነው ብዬ ፈራሁ።

ምላጩ ደግሞ ምላጭነቱ ቀርቷል። ከሐዘኑ በኋላ ቤታችን ለልማት ሲነሳ፣ ምላጩን ከተን ከካዛንቺስ ይዘነው የወጣነው ካርቶን ዝናብ ገብቶበት ነበር። ዝጓል፣ ስለቱ ተሸርፏል፣ የቀንድ እጀታው በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። ያሳየሁት ሁሉ «እህቴ፣ አዲስ ግዢ» ይለኛል። አዲስ መግዛቱ ጠፍቶኝ ነው እንዴ!

ቡልጋሪያ ሰፈር፣ ጋራዦቹ መሃል፣ የሥጋ ቤት ቢላ የሚስሉ ጋሽ ከድር የሚባሉ ሰው አሉ ሲሉኝ ሄድኩ። ጉረኛ ናቸው፤ እኔ ደግሞ ጉረኛ አልወድም። ምላጩን ወደ ብርሃን አንስተው አዩና «ይሄን እኔ ካላዳንኩት አዲስ አበባ ውስጥ የሚያድነው የለም» አሉ። እስቲ እናያለን አልኩ በሆዴ።

ከሥራ ስወጣ ጎራ እያልኩ አያቸው ነበር፤ የእማዬንና የአባዬንም ነገር አጫወትኳቸው። ማሽን አላስነኩትም። «ከጋለ ስለቱ ይሞታል» ብለው በውሃ በራሰ ድንጋይ ላይ፣ በእጃቸው፣ ቀስ እያሉ ሽርፉ እስኪጠፋ ፈገፈጉት። የተሰነጠቀውን የእጀታ ጎን ከሌላ ቀንድ ቀርጸው ተኩ፤ ደህናውን ጎን ግን «የእናትሽ እጅ አለበት» ብለው አልነኩትም። መጨረሻ ላይ ቆዳ ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሱትና የክንዳቸውን ጸጉር አነሱበት። ድምፅ እንኳ የለውም። አቤት እጅ! ጉራው ሲያንሳቸው ነው።

ሊሰጡኝ ሲሉ «ለመሆኑ አባትሽን ማነው የሚላጫቸው?» አሉኝ።

ክው አልኩ። ቤተሰቡ በሙሉ ስለ ምላጩ ሲጨነቅ፣ ላጪውን ያሰበ የለም! እኔ እንደሆን ሽንኩርት ስከትፍ እንኳ ጣቴን የምቆርጥ ሴት ነኝ። ጋሽ ከድር ሱቃቸውን ቆለፉና «ነይ ምሪኝ» አሉ።

አባዬ የማያውቀው ሰው ሲገባበት ፊቱ ጠቆረ። ጋሽ ከድር «እኔም ባለቤቴን ቀብሬያለሁ» አሉት። ምላጩንም አወጡ። አባዬ ትንሽ አያቸውና አገጩን ቀና አደረገ።

ሲጨርሱ መስታወት ሰጠሁት። ጉንጩን ዳበሰና «እጅዎ ይባረክ። እሷ ግን ከጆሮዬ ሥር ሁልጊዜ ትንሽ ትረሳ ነበር» አለ። መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። ቀብሯ ላይ እንኳ አላለቀሰም ነበር።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ምላጩን ይዞ ራሱ ቡልጋሪያ ይወርዳል። እኚያ ጉረኛ ሰውዬ ሙልጭ አድርገው ይላጩትና ከጆሮው ሥር ትንሽ ትተው ይልኩታል።