እትዬ ጽጌ የጠበቋት መኪና

ባለፈው ሳምንት ፀሐይዋ ትንሽ ፈገግ ስትል፣ ክረምቱን ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የከረመውን የሣር ማጨጃ ጎትቼ አወጣሁ። እዚህ ሜልቦርን ዳርቻ፣ ትሩጋኒና ውስጥ አዲስ ቤት የያዘ ሰው ሁሉ በመስከረም የሚሠራው ሥራ ነው፤ ከአንዱ ጫፍ ማጨጃ ከጮኸ ሰፈሩ በሙሉ ይከተላል። የእኔው ግን ገመዱን ብስበው ብስበው ዝም አለ። ልጄ ከስልኩ ቀና ሳይል «ኢትስ ዴድ፣ ማም» አለኝ። የነዳጁን ክዳን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። የቤንዚን ሽታ አትሉትም፤ እንደ አሮጌ ቀለም የኮመጠጠ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ነገር ነው። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አልኩና ሳቄ መጣ። በልጅነቴ፣ ኖርዝ ሜልቦርን የመንግሥት ቤቶች መኪና ማቆሚያ ውስጥ፣ ይህንኑ ሽታ ጎንበስ ብለው ያሸተቱ ሴት ትዝ አሉኝ፤ እትዬ ጽጌ።

እትዬ ጽጌ ከእኛ በታች፣ ምድር ቤት ነበር የሚኖሩት። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ይሠሩ ስለነበር ነጠላቸው ሳይቀር በረኪና በረኪና ይሸታል። አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሴት ነበሩ፤ እኛ ልጆች ጮኸው ከሚቆጡን እናቶቻችን ይልቅ እሳቸውን ነበር የምንፈራው። መኪና የላቸውም፤ መንዳትም አይችሉም። የማቆሚያ ቦታ ግን ለየቤቱ ስለሚሰጥ ለእሳቸውም ደርሷቸው ነበር፤ ያውም ከወጥ ቤታቸው መስኮት ፊት ለፊት። ስለዚህ አገር ቤት ደርሶ ለመመለስ የሚነሳ ሰው መኪናውን እዚያ ያቆምና፣ ቁልፉን በእጃቸው አስቀምጦ «አደራ እትዬ» ብሎ ይሄዳል።

አደራ ጠባቂነታቸው ሜልቦርን ከመምጣታቸው በፊት የተመሰከረለት ነው። ሱዳን በስደት ሳሉ አንዲት ጎረቤታቸው የጆሮ ወርቋን በጨርቅ ቋጥራ ትታላቸው ሄደች፤ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር ሲገናኙ በዚያው ቋጠሮ፣ ሳይፈታ፣ መለሱላት። ይህን ታሪክ እሳቸው አያወሩትም። ሌላ ሰው ሲያወራው ግን አያቋርጡም።

አንድ ሰኔ ላይ የጋሼ ታደሰ እናት ታመሙና ጋሼ ታደሰ ሊሄዱ ተነሱ። ጋሼ ታደሰ ጀርባዋ ረዘም ያለ አሮጌ ነጭ መኪና ነበረቻቸው፤ በሰፈራችን እሷ ላይ ያልተጫነ ሰው አልነበረም። ምጥ የያዛት በእሷ ትሄዳለች፤ ፍሪጅ የገዛ በእሷ ያመጣል፤ እሑድ እሑድ እኛ ልጆች ኋላ ተጨናንቀን ቤተ ክርስቲያን የምንደርሰው በእሷ ነው። ቁልፉ ለእትዬ ጽጌ ተሰጠ።

አባዬ ፉትስክሬይ ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ገና በመጀመሪያው ሳምንት የእትዬን በር አንኳኩቶ፣ «እትዬ፣ ቤንዚን ሲቆም ይበላሻል። እሷ ደግሞ አሮጌ ናት። ትንሽ መድኃኒት ልጨምርባትና ስታርት ላድርጋት» አላቸው። መድኃኒት የሚለው ነዳጅ ሳይበላሽ እንዲቆይ የሚጨመረውን ፈሳሽ ነው።

«ባለቤቱ ክፈቺ አላለኝም» አሉ እትዬ ጽጌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሰው አደራ አይነካም።»

አባዬ ደረጃውን እየወጣ «ከአያያዝ ይቀደዳል» ብሎ አጉረመረመ፤ ከዚያ በላይ ግን አልደፈረም።

ፈረንጅ አገር ከሚባለው ሁሉ የሜልቦርን ክረምት ነው ወሩን ጠብቆ እንደ አገር ቤት በሰኔ የሚገባው። የሚገባው ግን አጥንት ድረስ ነው። እትዬ ጽጌ መኪናዋን በብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ከላዩ ሰማያዊ ሸራ ደርበው በገመድ አሰሩላት። እኛ ሙሽራዋ እንላት ነበር። በማለዳ ትራማቸውን ሊይዙ ሲወጡ መጀመሪያ ዞር ዞር ብለው ያዩአታል፤ የረገፈ ቅጠል ያነሱላታል፤ ኳሳችን ወደ እሷ ከተንከባለለ ሄደን ለማምጣት ዕጣ እንጣጣል ነበር። በአንድ ጣታቸው እንኳ በሯን አልከፈቱም።

ጋሼ ታደሰ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ተመለሱ፤ እናታቸው ተሽሏቸዋል። በበዓሉ ጠዋት ሰፈሩ ነጭ በነጭ ለብሶ መኪና ማቆሚያው ላይ ተሰበሰበ። እትዬ ጽጌ ሸራውን ገፈፉ። መኪናዋ ጋሼ ታደሰ ከሄዱበት ቀን ይልቅ ታበራለች። ቁልፉን በሁለት እጃቸው ሰጡ፤ ፊታቸው ላይ የነበረው ኩራት እኔንም አኮራኝ።

ጋሼ ታደሰ ቁልፉን አዞሩ። መኪናዋ ጠቅ ብላ ዝም አለች። አባዬ ከጎረቤት መኪና ባትሪ በገመድ አገናኘ፤ አሁን ሞተሩ ያቃስታል እንጂ አይነሳም። አባዬ የነዳጁን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አዞረ። እትዬ ጽጌ ማንም ሳይጋብዛቸው ቀርበው፣ ነጠላቸውን ሰብስበው አሸተቱ።

«ምንም አይደል እትዬ፣ መኪና እኮ ነው» አሉ ጋሼ ታደሰ።

«አደራ በላሁ» አሉ እትዬ ጽጌ።

«ኧረ አልበሉም» አለ አባዬ። «አልነኩም እንጂ።»

«ልዩነቱን ንገረኝ እስቲ።»

አባዬ የነዳጁን ክዳን መልሶ ገጠመ። ሰው ሁሉ በትራም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ፤ እሳቸው ቀሩ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ በሰው አገር፣ ስማቸው ያቺ ሳትፈታ የተመለሰች ቋጠሮ ነበረች። ሌላ ሀብት አልነበራቸውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ብርዱን ያሳብብ ነበር፤ ወይ የመኪናዋን እርጅና። እትዬ ጽጌ ግን በማግስቱ፣ አባዬ ካርቡራተሩን አውርዶ ሲያጸዳ፣ የወተት ሣጥን ገልብጠው አጠገቡ ተቀመጡ። «እንደማያውቅ ሰው አስረዳኝ» አሉት።

አባዬም አስረዳቸው። የቆየ ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ የካርቡራተሩን ቀጭን ቀዳዳ ይደፍናል። ጎዶሎ ታንክ በብርድ ውስጡን ያልበዋል፣ ላቡም ውኃ ነው፤ ስለዚህ ታንኩ ሞልቶ ይቁም። መድኃኒቱ ቤንዚኑ ገና ትኩስ ሳለ ይጨመራል፤ የተበላሸውን አያድንም። ከተጨመረ በኋላ ደግሞ ቱቦው ድረስ እንዲገባ ሞተሩ ጥቂት ይሥራ።

«ለሁሉም መኪና ነው ይሄ?»

«የለም እትዬ። ለጥቂት ሳምንት ለሚቆም ምን ያደርጋል? አዲሶቹም ክረምቱን ያለ እሱ ይችሉታል። እንዲህ ያለች አሮጌ፣ ወራት የምትቆም ናት የምትፈልገው።»

«አሮጌ መነካካት ይፈልጋል በለኛ» አሉና ከበዓሉ ጠዋት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

በዓመቱ ጋሼ ታደሰ እንደገና ሊሄዱ ሆነ። ሰው ሁሉ አሁንስ ቁልፉን ለማን ይሰጡ ይሆን ብሎ በጉጉት ይጠብቃል። ጋሼ ታደሰ መጥተው «አደራ እትዬ» አሉ። እትዬ ጽጌ እጃቸውን አልዘረጉም።

«መጀመሪያ ‹ይንኳት› በለኝ። ሰው እየሰማ።»

ጋሼ ታደሰ አባዬን አዩት፤ አባዬ መሬት መሬት ያያል። «ይንኳት እትዬ» አሉ። ያን ጊዜ ቁልፉን ተቀበሉ።

ታንኩ ጢም አለ። መድኃኒቱን ራሳቸው ለክተው ጨመሩ። ከዚያ እድሜ ልካቸውን ነድተው የማያውቁት ሴትዮ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወጥተው፣ አማትበው፣ ቁልፉን አዞሩ። በዚያ ክረምት ጭሱ በጉሙ ውስጥ ሲወጣ በመስኮት ባየሁ ቁጥር እትዬ ሥራ ላይ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ጋሼ ታደሰ ሲመለሱ መኪናዋ በመጀመሪያው ተነሳች። ማንም አላጨበጨበም፤ ፊት ወንበሩ ለእትዬ ጽጌ ተለቀቀና ቤተ ክርስቲያን ሄድን።

ከዚያ ወዲህ «ይንኳት» ያላለ ሰው ቁልፍ እሳቸው ዘንድ አያሳድርም። መድኃኒት ተሸክሞ የሚመጣም ቢሆን መጀመሪያ ለስንት ጊዜ እንደሚሄድ ይጠየቃል። «ፋሲካን ውለህ ልትመለስ? ይሄን ጠርሙስ ይዘህ ወደ ቤትህ» ይሉታል። ብዙ አደራ ጠባቂ አውቃለሁ፤ ስሙን ለማዳን ሲል ያደገበትን ሕግ በሰው ፊት ያረመ ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። ጎረቤታቸው ሆኜ በማደጌ እኮራለሁ።

እትዬ ጽጌ ካረፉ ቆዩ። ባለፈው ሰኔ ማሪቢርኖንግ ሰፈር ክፍል ተከራይቶ የሚኖር አንድ ተማሪ፣ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ አገር ቤት ደርሶ እስኪመለስ መኪናውን ግቢያችን ሊያቆም መጣ። እሳቸውን አላያቸውም፤ ስማቸውንም አልሰማም። ቁልፉን ሲሰጠኝ በአንድ ትንፋሽ «አደራ እትዬ፣ ይንኳት» አለኝ። እትዬ መባሌ ትንሽ ቅር አሰኝቶኝ ነበር፤ ሁለተኛውን ቃል ስሰማ ግን እሱን ረሳሁት።

«ማን ነው እንዲህ በል ያለህ?» አልኩት።

ልጁ ያጠፋ መስሎት ደነገጠ። «ማንም። ሜልቦርን እንዲህ ነው የሚባለው ብለውኝ ነው፤ አይደለም እንዴ?»

«ነው» አልኩና ቁልፉን ተቀበልኩ።