የገብርኤል ቀለም

የሺአረግ ከዝናብ ጋር ተጣልታለች። ድሬ ተወልዳ ድሬ ያረጀች፣ ዕድሜዋን ሙሉ «ምነው ጠብ ባለልን» ስትል የኖረች ሴት፣ ዛሬ ደመና ስታይ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ትነሳለች። ምን ታድርግ! የዱሮው ዝናብ ጨዋ ነበር፤ ከላይ ወርዶ በአሸንዳው በኩል መንገዱን ይሄድ ነበር። የአሁኑን ግን ነፋስ እየነዳ በጎን ያመጣውና ከዚራ ሰፈር ያለውን አሮጌ የድንጋይ ቤቷን በምሥራቅ በኩል ይገርፍባታል።

ከምሥራቁ ግድግዳ ጀርባ የሚተኛው ባሏ ሣህሉ ነው። አስም አለበት። ዝናብ በጣለ በሳምንቱ ክፍሉ ይሻግታል፣ እሱንም ሲያስለው ይውላል። ሐኪሙ «እርጥበቱ ካልጠፋ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም» ብሏታል። «ሌላ ክፍል ተኛ» ስትለው ደግሞ አሻፈረኝ ይላል፤ የዱሮ የባቡር ሠራተኛ ነው፣ ከዚያ መስኮት ጣቢያው ይታየዋል።

ሦስት ዓመት ሙሉ ጣሪያውን አሠራች። ቆርቆሮው ተቀየረ፣ ሬንጅ ተቀባ፣ አሸንዳው ተተካ። ሳሉ ግን ንቅንቅ አላለም።

ዘንድሮ ደግሞ ጭራሽ በኅዳር ዘነበ። በኅዳር! ብስጭቷን ዋጥ አድርጋ ሲያድ የሚባለውን የመጋላ ሰፈር ግንበኛ አስጠራች። ሲያድ መሰላሉን እንኳ አልዘረጋም። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ኳ ኳ አደረገና ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ እትዬ የሺ፣ ጣሪያው ምን አደረገሽ? ተይው!»

በመሮ ቀለሙን ቢልጠው እንደ ሙዝ ልጣጭ ተነሣ። ሥሩ ያለው ኖራ በስብሶ እጁ ላይ ፈረሰ።

«ይሄን ሁሉ የዘይት ቀለም ማነው የቀባው?»

የቀባችው ራሷ የሺአረግ ናት። በየዓመቱ ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ የሚሄዱ እንግዶች እሷ ዘንድ ያርፋሉ። የሻገተ ግድግዳ እንዳያዩባት በገዛ እጇ፣ ውስጡንም ውጩንም፣ እስኪያብለጨልጭ ትቀባዋለች። የዘንድሮው ቀለምም ተገዝቶ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።

«የኖራ ግድግዳ ዝናብ ቢጠጣም መልሶ ይተፋዋል» አለ ሲያድ። «የድሬ ፀሐይ በሁለት ቀን ታደርቀው ነበር፤ አንቺ በቀለም ዘጋሽባት። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ወላሂ፣ ይሄ ሁሉ ካልተፋቀ ጣሪያውን ወርቅ ብታለብሺው አይረባሽም።»

«ሦስት ዓመት ጣሪያ ላይ የወጣው ሁሉ ይሄን አያይም ነበር? ዓይን የላቸውም?» ብላ ጮኸች። ሲያድ መሮውን አስቀምጦ ሌላ መፋቂያ ሊያመጣ ሄደ።

እሷ ግን አልጠበቀችውም፤ መሮውን አንሥታ መፋቅ ጀመረች። አረንጓዴው ተላጠ፣ ከሥሩ ቢጫው፣ ከቢጫው ሥር ሰማያዊው ወጣ። የየትኛው ዓመት ገብርኤል እንደሆነ እያንዳንዱን ታውቀዋለች።

ሣህሉ በመስኮቱ ብቅ አለ። «የሺ፣ ምን ነካሽ? በዓሉ ደርሶ ግድግዳ ታፈርሻለሽ? እንግዳው ምን ይላል?»

«ያሻውን ይበል! አላስተነፍስ ያለህ ይሄ ቀለም ነው!»

ሣህሉን ትንሽ አሳለው፤ ከዚያ በቀስታ «እሱንማ አውቃለሁ» አላት። «በቀባሽ ቁጥር ሽታው ደረቴን ይዘጋኝ ነበር። ቀብተሽ ስትጨርሺ ግን ደስ ይልሽ ነበር፤ ምን ብዬ ልከልክልሽ?»

የሺአረግ መሮውን እንደያዘች ልትሰድበው አፏን ከፈተች፤ ስድቡ ለማን እንደሚገባ ግን ጠፋባት። እንባዋን ኖራ በነካው እጇ ጠረገችና ወደ ግድግዳው ዞረች።