ሐሩ ለልጁ የሠራው የብረት ቀፎ

በያጁን ጎረቤቴን ሰፈሩ «ሐሩ» ይለዋል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ጎማ ጠጋኙ ነኝና ብኮራበት አይፈረድብኝም። ዕድሜውን ሙሉ የግቢ በርና የመስኮት ብረት ሲሠራ፣ ብረት ከብረት የተጋጠመበትን ቦታ ሰው እንዲያይበት ፈቅዶ አያውቅም። ይበይዳል፤ የብየዳውን እብጠት በግራይንደር ይሞርደዋል፤ በመዳፉ ይዳብሰዋል፤ እንደ ሐር ካልለሰለሰለት እንደገና ግራይንደሩን ያነሳል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «እኔንም አንዳንድ ቀን ብረት ነሽ ብለህ እየኝ» ትለው ነበር።

ልጁ አንዲት ብቻ ናት። እሷም በድንጋይና በአሸዋ ላይ ትልቅ ፒክአፕ እያበረረች ትወዳደራለች። ባለፈው ዓመት መኪናው ተገልብጦ ጣሪያው እስከ መቀመጫው ራስጌ ድረስ ተጨፈለቀ፤ እሷ ትከሻዋ ተሰብሮ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አባት እንቅልፍ አጣ። ሊያስቀራት ያላደረገው የለም። አንዴ ቁልፏን ደበቀ። አንዴ ደግሞ ልቤን ወጋኝ ብሎ ተኛና፣ ሐኪም ቤት ስታደርሰው ጤነኛ ነው ተባለ። ልጅት ግን ንቅንቅ አላለችም።

«አባዬ፣ መንዳቴ አይቀርም። መከላከያውን አንተ ካልሠራኸው ሌላ ሰው ይሠራዋል» አለችው።

ሌላ ሰው! ይህን ከሚሰማ ጆሮው ቢደነቁር ይመርጣል። በማግስቱ ሥራውን ጀመረ። መከላከያው፣ መኪናው ቢገለበጥ ክብደቱን ከጣሪያው ተቀብሎ ነጂውን የሚያድን የብረት ቀፎ ነው፤ ጋቢናው ውስጥ ይተከላል። ቱቦው ሲታጠፍ እንዳይሰረጉድ አሸዋ ጠቅጥቆበት አጠፈው። ከመቀመጫው ጀርባ እንደ ቅስት አቆመው፣ እግሮቹን በወፍራም ላሜራ ከሻሲው ጋር አሰረ፣ ከላይ በጣሪያው ሥር ወደ ፊት ዘረጋ፣ በአግድምና በሰያፍ አጠላለፈ። ከዚያ እንደ ልማዱ መጋጠሚያውን ሁሉ በግራይንደር አለሰለሰ፤ ስቱኮ መታ፤ ነጭ ቀለም ቀባ። ሰፈርተኛው እየመጣ ዳበሰው። እኔም ዳበስኩት። አምሮ ነበር፣ ምን ይዋሻል።

የውድድሩ ቀን ጠዋት ልጅት መኪናዋን ይዛ ሄደች። ሐሩ መቀመጥ አቃተው። ለሙከራ በይዶ ያለሰለሰውን ቁራጭ ከጥግ አነሳና ሞርሳ ላይ አሰረው፤ ረጅም ቱቦ አጥልቆበት በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ቀጭ! ልክ ብየዳው ላይ ለሁለት ተከፈለ። ግራይንደር ያልነካውን ሌላ ቁራጭ አስሮ ተጫነው። ቱቦው ተጣመመ እንጂ ብየዳው ፍንክች አላለም።

በር አይገለበጥም። ስለዚህ ዕድሜ ልኩን እንደ ቆሻሻ ጠርጎ የሚጥለው እብጠት ብረቱን የሚይዘው ሥጋ መሆኑን የሚነግረው ነገር አልገጠመውም ነበር። ፊቱ አመድ መስሎ ሱቄ ደረሰ።

«መኪናህን አስነሳ! ልጄን ሬሳ ሣጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ» አለኝ።

ስንደውልላት ስልኳ ዝግ ነው። በረርን። ስንደርስ ሄልሜቷን አድርጋ ተራዋን ትጠብቃለች።

«ልጄ ውረጂ! ቀፎው አይችልም!»

«ዛሬ ደግሞ ምን አመመህ አባዬ?» አለች። በዙሪያዋ ያሉት ሳቁ። አንዱን በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

የተሰበረውን ቁራጭ አሳያት። «አንተው ራስህ ሰብረኸው ነው» አለችና ሞተሩን አስነሳች።

እውነቷን ነው፤ ስንቴ ትታለል? ሐሩ ከእኔ መኪና ጎማ የምመታበትን ትልቅ መዶሻ አመጣ። በሌላኛው በር ገባና ሰያፉን ብረት በኃይል መታው። አንጓጓ። ደገመው። «አባዬ፣ አብደሃል? በቃ!» ብላ ጮኸች። ሲሠልስ ነጩ ቀለም ተሰነጠቀና ብረቱ ከቅስቱ ተላቀቀ።

ሳቁ ቆመ። ልጅት ሞተሩን አጠፋች፣ ጣቷን ስንጥቁ ውስጥ ከተተች።

«በዚህ ነበር የምወዳደረው?» አለች ቀስ ብላ።

«በዚህ ነበር» አለ፤ ከዚያ ያ ሁሉ ሰው እያየው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ቀፎውን እንደገና ሲሠራ ቱቦውን የምትይዝለት እሷ ነበረች። ግራይንደሩን ጭራሽ አልነካውም። ብየዳው እየተጎረበጠ፣ እንደ ቁስል እያበጠ ቀረ። ሁሉንም መጋጠሚያ ግን አንድ በአንድ እየተጫነ ፈተነው፤ አንዱም አልተበገረም። ይደሰታል ብዬ ስጠብቅ ከቀን ወደ ቀን ፊቱ እየጠቆረ ሄደ። በኋላ ነው የገባኝ። «ቅሪ» የሚልበት አንድ እውነተኛ ምክንያት አግኝቶ ነበር፤ እሱንም በገዛ እጁ እየዘጋው ነው።

ለሚቀጥለው ውድድር ስትነሳ በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ «ሌላ የምትለኝ አለ አባዬ?» አለችው።

እጁን በመስኮቱ አስገብቶ ጎርባጣውን ብየዳ ዳበሰ። ከዚያ የለም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ጉንጩን ሳመችና ሄደች።

መኪናው ታጥፎ ከተሰወረ በኋላም መንገዱ ዳር ቆሞ ቀረ። ክንዱን ይዤ «ና እንግባ» አልኩት።

«ቆይ፣ ሞተሩ ገና ይሰማኛል» አለኝ።

እኔ ምንም አልሰማም ነበር። አብሬው ቆምኩ።