የአባቴ አምስት ጥይቶች እና የአጎቴ ጃርት

ንጋት፣ ደብረ ብርሃን

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ቦርሳዬ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አለ፤ ቆርቆሮው ውስጥ አምስት ጥይት። በመጠኗ ሃያ ሁለት የሚሏት ናት፤ ለጃርትና ለጥንቸል የምትሆን፣ የጣት አንጓ የማታህል። አባቴ ሲሞት ጠመንጃው ለአጎቴ ለይማም ተሰጠ። ጥይቱ ግን እናቴ ቁም ሣጥን ውስጥ ቀረ። አሁን ጃርት የአጎቴን በቆሎ እየጨረሰው ነው። ማሽላው እስኪደርስ እሳቸውና ሚስታቸው እትዬ ዘሀራ የሚበሉት እሱን ነው። ይህች ጥይት ደግሞ ከገበያ ጠፍታለች።

«ውሰጂ፣ ከቤቴ ይውጣልኝ» አለች እናቴ። «ለወንድሜ ግን ለጃርት ነው በይው። ለጃርት!»

ለምን ሁለቴ እንዳለችው አልጠየቅኳትም። መጠየቅ ነበረብኝ።

ከከተማው መውጫ ኬላ ላይ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ቆመ። የአጎቴን የመሣሪያ ፈቃድ ቅጂና የቀበሌውን ደብዳቤ አወጣሁ። ፈታሹ ወረቀቱን ገረፍ አድርጎ አየና ጥይቷን መዳፉ ላይ ያገላብጥ ጀመር።

«ይቺ ምን ልትገል ነው?»

«ጃርት።»

«ጃርት በዚች? እህቴ፣ ታሳክከው እንደሆነ ነው እንጂ!»

ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ሌላ ጓደኛ ጠራ። የሚኒባሱ ሰው በብርድ እየተንቀጠቀጠ የጥይት ዓይነት ሲነጻጸር አዳመጠ።

ረፋድ፣ ጎረቤላ

መንገዱ ዳገትና ጉም ነው። ገብስ፣ ባሕር ዛፍ፣ የድንጋይ ካብ፣ ከዚያ ደግሞ ገብስ። ጎረቤላ ሻይ ጠጥቼ ትናንት የተጠበሰ ፓስቲ በላሁ። ቁልቁል ወደ አሊዩ አምባ የሚወርድ አይሱዙ ተገኘ፤ ጋቢና ውስጥ እኔ፣ ሹፌሩ ገዛኸኝ፣ እና ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ። «አሁን እንወጣለን» ብሎን ገዛኸኝ ቁርሱን ሊበላ ሄደ። ከዚያ ጎማ ሊያስነፋ። ከዚያ ሰላምታ ሊሰጥ።

ምን እንደያዝኩ እንዴት እንዳወቀ እግዜር ይወቅ። የኬላው ወሬ ከመኪናው ቀድሞ ደርሷል መሰለኝ።

«ምንሽር ነው ጥይት!» አለ መሪውን እየደበደበ። «አንዴ ካለች አለች ነው። ሌላው ጨዋታ ነው።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «አንተ ምንሽር ተኩሰህ ጃርቱን ልትፈልግ ነው ወይስ ቁርጥራጩን ልትለቅም? ለአዝመራ ጠላት ትንሿ ናት። ከብት አታስበረግግ፣ ትከሻ አታደቅ። ጨዋ ጥይት!»

«ጨዋ? ጥይት ምን ጨዋ አለው አባቴ?»

እንዲህ እያሉ ያን ሁሉ ጠመዝማዛ ወረድን። ገዛኸኝ ሲናደድ ሁለት እጁን ከመሪው ያነሣል። ከጎኔ ያለው ገደል ታችኛው ጫፉ አይታይም። «ኧረ በፈጠረህ፣ መሪውን ያዝ!» ብዬ ጮህኩ። አንድም ሰው ግን ጃርቱ ምን እያደረገ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ከቀትር በኋላ፣ ከአሊዩ አምባ በታች

ሙቀት። ሹራቤን አወለቅኩ። የገበያ ቀን ስለነበር የማሾ ጆንያ የጫኑ ግመሎች መንገዱን ዘግተውታል፤ ገዛኸኝ ጥሩንባውን ቢነፋ ግመል መች ሰምቶ። ከመንገዱ ዳር፣ የአጎቴ በቆሎ ጫፍ ላይ ወረድኩ።

ማሳው ያሳዝናል። ጃርቱ አገዳውን ከሥሩ እየቆረጠ ይጥላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ነክሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ግማሹ ተኝቷል። እትዬ ዘሀራ የወደቀውን እየሰበሰቡ ነበር። ሳሙኝ፤ ከዚያ በቆሎውን አሳዩኝ።

አጎቴ ቆርቆሮውን ተቀብለው ጥይቶቹን መዳፋቸው ላይ ዘረገፉ። «የአባትሽ ጥይት!» አሉ። እሳቸውና አባቴ አማቾች ብቻ አልነበሩም፤ የአደን ጓደኛሞች ነበሩ። ማሳው ዳር ካለው ቤታቸው ገብተው ጠመንጃውን ከግድግዳ አውርደው ወጡ።

«ጃርቱ መጣ እንዴ?» አልኩ።

ጧ! ወደ ሰማይ። ጧ!

«ጋሼ! ምን እያደረጉ ነው?»

«የእህቴ ልጅ መጥታ ጠመንጃዬ ዝም ይበል? እንግዳ ሲመጣ ሁለት ነው ወጉ።»

«ኧረ ለጃርት ነው!»

«ይቺ ደሞ ለአባትሽ፣ አላህ ይዘንለትና።» ጧ!

እትዬ ዘሀራ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ሦስት ተኮስክ? አንተ ሰው፣ ሦስት ተኮስክ?»

እኔ የገባኝ ቆይቶ ነው። በዚያ መንደር ሁለት ተኩስ እንግዳ መጣ ነው። ሦስት ተኩስ ድረሱልኝ ነው። ከላይም ከታችም ጩኸት ተነሣ፤ ዱላ የያዘ፣ መጥረቢያ የያዘ፣ አንዱማ የሙቀጫ ዘነዘና ተሸክሞ፣ መንደሩ ሁሉ እየሮጠ መጣ። ድረሱልኝ የተባለ ሰው መንገድ አይመርጥም። በቆሎውን ሰንጥቀው መጡ። ጃርቱ አቁሞ የተወውን እነሱ አስተኙት።

«ምን ሆናችሁ? ሌባ ነው? እሳት ነው?»

«የእህቴ ልጅ መጥታ ነው» አሉ አጎቴ፣ ድምፃቸው እያነሰ።

በእግሬ መሬቱን መታሁ። አልቅሼም ነበር፤ በንዴት።

ደጎች ናቸው፣ ምን ይባላል። ይቅርታ ጠየቁ፣ የወደቀውን አብረው ለቀሙ፣ ከዚያ በቆሎ እሸት ሊበሉ ተቀመጡ፤ የማንን? የአጎቴን! እየጋጡም ወሬው ያው ሆነ። አንዱ ለጃርት ክላሽ ነው አለ። ባለ ዘነዘናው ደግሞ፣ የለም፣ ትንሿ ናት፣ ግን አፍንጫው ላይ መመታት አለበት አለ። ሊጨልም ሲል ከማሳው ዳር ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጃርቱ ነው። አጎቴ ቀስ ብለው አነጣጠሩ።

«አፍንጫውን! አፍንጫውን በለው!» ብሎ ጮኸ ባለ ዘነዘናው።

ጃርቱ ዞረ፣ አጎቴ ተኮሱ። አንድ እሾህ ጥሎልን ሄደ።

ማግስቱ ጠዋት፣ መንገድ ዳር

አንዲት ጥይት ቀርታለች።

«ጋሼ፣ ይቺ ለጃርቱ ናት። ወላሂ በሉ።»

«ኢንሻአላህ» አሉ።

«ኢንሻአላህ አላልኩም፣ ወላሂ ነው ያልኩት!»

«ኢንሻአላህ አልኩሽ እኮ ልጄ። መኪናው እንዳያመልጥሽ።»

ገዛኸኝ ትናንት ያወረደኝ ቦታ ላይ ቆሟል። እትዬ ዘሀራ ከወደቀው በቆሎ በኩርቱ ፌስታል አሸከሙኝ፤ አልወስድም ብል ተቆጡ። ጋቢና ውስጥ ገባሁ። መኪናው ገና ከመንቀሳቀሱ ከኋላችን ተሰማ። ጧ!

«መቱት!» ብዬ ጮህኩ። «ጃርቱን መቱት!» ስልኬን አውጥቼ እትዬ ዘሀራ ጋ ደወልኩ። «ወደቀ?»

«ምኑ ልጄ?»

«ጃርቱ!»

«ጃርት በጠዋት ምን ይሠራል? ለአንቺ ነው እንጂ። ስትሄድ ዝም ብዬ አልሸኛትም፣ አባቷም አይሸኛትም ነበር ብሎ።» ከዚያ ተነፈሱ። «ከዛሬ ጀምሮ ማሳው ዳር የማድረው እኔ ነኝ፤ ድስት እየደበደብኩ።»

መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ወደ ኋላ ዞርኩ። አጎቴ በቆሎው መሀል ቆመዋል፣ ባዶ ጠመንጃቸውን ከራሳቸው በላይ ከፍ አድርገው። መሳደብ ፈለግኩ፤ አፌ እምቢ አለኝ። ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ከዚህ ስንመለስም አጎቴ እንዲሁ ይቆሙ ነበር። አባቴም እጁን በመስኮት አውጥቶ ዳገቱ እስኪጋርዳቸው ያውለበልብ ነበር። እኔም እጄን አወጣሁ።

ገዛኸኝ ማርሽ እየቀየረ እርጥቡን ጉንጬን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለአንቺ ነው የተተኮሰው?»

«ለእኔ ነው።»

«በዚያች በትንሿ?»

«በትንሿ። የመጨረሻዋ ነበረች።»

ትንሽ ነዳና ራሱን ነቀነቀ። «ለሽኝት እንኳ» አለ፣ «ምንሽር ነበር።»