ጊታሩን ስጫን ክራሩ ጠፋብኝ

ዛሬ ጎባ፣ ከሮቤ እየተመላለስኩ በምማርበት የጊታር ካምፕ፣ አስተማሪያችን እጄን ያዘና «ተጫነው እንጂ! ለምንድን ነው ጣትህን የምታነሳው?» አለኝ።

እኔ እንጃ! ክራር ስገርፍ ነው ያደግኩት። ክራር ላይ እንዲጮህ የምትፈልገውን ክር ለቀህ ሌላውን ሁሉ በጣትህ ታፍናለህ። ጊታር ላይ ደግሞ የምትፈልገውን ነው የምትጫነው።

እሺ ብዬ ስጫን ዋልኩ። የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ፤ የጎባ ብርድም አላዘነልኝም።

ሮቤ ቤቴ ገብቼ ክራሬን አነሳሁና ተጫንኩት። የምፈልገው ታፍኖ የማልፈልገው ሁሉ ጮኸ!

እህቴ ከጓዳ ብቅ ብላ «ማል ታኤ? ምን ሆነ ክራሩ?» አለች።

ክራሩስ ደህና ነው፤ እጄ የማን እንደሆነ ነው ያልገባኝ።

አዲስ ሲማር የድሮው የጠፋበት ካለ፣ እንዴት እንደተመለሰለት ይጻፍልኝ። ቶሎ በሉ፤ እህቴ እሁድ ታገባለች፣ ክራር የምመታላት እኔ ነኝ።