ረቡዕ የዋለው ሰርግ

እልል በሉ፣ ተረፈች! ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ትደርሳለች፤ ለአራተኛ ጊዜ ቀጠሮዋ አይሰረዝም። ማን ናት? የጋሽ ከተማ የቀኝ ጉልበት!

ጋሽ ከተማ የፊልም ረዳት ዳይሬክተር ነው። ጄኔቫ፣ ፕላንፓሌ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ፣ መንገደኛው ካሜራ ውስጥ እንዳይገባ በመለመን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት የቀኑን ፕሮግራም ያወጣል፣ ሰው ይሰበስባል፣ «ጸጥታ!» ይላል። ዳይሬክተሮቹ ይቀመጣሉ፣ እሱ ይቆማል። ቀረጻ እየተራዘመ የጉልበቱ ቀዶ ጥገና ሦስት ጊዜ ቀረ፤ ሚስቱ ኂሩትም ሦስት ጊዜ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ ሦስት ጊዜ መለሰች።

ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነበር። ኦርሊኮን በሚባል ሰፈር፣ የድሮ ፋብሪካ አዳራሽ ውስጥ፣ የሐበሻ ሰርግ ይቀረጻል። ካላለቀ ነገም ይቀጥላል፤ ሐኪሙም ይቀራል። ታዳሚዎቹ ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የተጠሩ አርባ ሰዎች ናቸው። ትናንት ጭፈራው ተቀርጿል፣ ዶሮ ወጡም በየገበታው ታይቷል። የቀረው መብላት ብቻ ነው። «ካሜራ!» ሲባል ግን እጁን የሰደደ የለም።

«ምነው?» አለ ጋሽ ከተማ።

ከታዳሚዎቹ አንዷ፣ ወይዘሮ ሕብስት፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ረቡዕ አይደለም እንዴ? አንተ ራስህ ቁርስ በልተሃል?»

«ኧረ አልበላሁም፣ እጾማለሁ እኮ…» አለና ራሱን ያዘ። የጀምበሯን መጥለቂያ፣ የባቡሩን ድምፅ ሳይቀር ፕሮግራሙ ውስጥ አስገብቷል። ጾሙን ሆዱ እንጂ ወረቀቱ አላወቀውም።

ዳይሬክተሯ «ወጡን እንለውጠው» አለች።

«በዶሮ የተጀመረ ሰርግ በሽሮ አያልቅም» ብሎ የልብስ ሳጥን ላይ ዘፍ አለ። ከዚያ ለእኔ፣ አፎልተርን ሰፈር ለሚኖረው ጎረቤቱ ለበእምነት፣ ደወለ።

«በእምነት፣ እናንተ ጴንጤዎቹ ረቡዕ ትበላላችሁ አይደል?»

«እንዴታ!»

«ሥጋ የሚበላ ሃያ ሰው አምጣልኝ። ፍጠን!»

ዐሥራ ሰባት ሆነን ደረስን። የሚጾሙት ከኋላ እያጨበጨቡ፣ እኛ ከፊት እየጎረስን። ስድስት ጊዜ ተደገመ፤ ስድስት እንቁላል በላሁ። በልቼ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው!

«አንተ ሆዳም፣ ለነገ አስተርፍልን!» አሉኝ ወይዘሮ ሕብስት ከጀርባዬ።

ጀምበር ሳትጠልቅ «አለቀ!» ተባለ። አዳራሹ ውስጥ ሲጨበጨብ ጋሽ ከተማ ኂሩት ጋ ደወለ። አላነሳችም።

«ስሜን ስታይ ደግሞ ተራዘመ ብላ ነው» አለኝ። ድምፁ አልቋል። የመገናኛ ራዲዮኑ ጆሮው ሥር እየተንጫጫ፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ፣ እዚያው ሳጥኑ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

አልቀሰቅሰውም። አውቶቡሱ መጣ፤ ኂሩት ተስፋ ቆርጣ ቀጠሮውን ሳታሰርዝ ልድረስባት!