ጎጀብን ያልተሻገረው

አያቴን የጠላሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ ሞቶም አልታረቅሁትም። ሚዛን ተፈሪ በሚገኘው ቤታችን፣ እራት ተበልቶ ሲያበቃ ፍሙ ላይ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይጨመርና፣ ጭሱ ዓይናችንን እየቆጠቆጠን እኛ ልጆች ከእግሩ ሥር እንኮለኮላለን፤ እሱም በጉልምስናው ከማጂ እስከ ጅማ በቅሎ እየነዳ የነገደበትን መንገድ ይተርክልናል። ቡናው፣ ማሩ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሽፍታው፣ ኬላው። አፉ ማር ነበር። ያኔ ከሱ የሚበልጥ ጀግና ያለ አይመስለኝም ነበር። መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «በክረምት የጎጀብን ወንዝ ስሻገር አንድም በቅሎ ሰጥሞብኝ አያውቅም።»

አንድ ምሽት «እንዴት አድርገው አባባ?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ውሃ በበቅሎ አይሞከርም» አለኝ ፈገግ ብሎ። «መጀመሪያ ሰው ይገባል። እሱ ከተሻገረ በቅሎው ይከተላል።»

ጥግ ላይ ደስታ ሳህን ታጥብ ነበር። ደስታ በልጅነቷ ከማጂ በኩል ለባርነት ተይዛ በዚያው መንገድ የመጣች፣ እኛ ቤት ያረጀች ሴት ናት፤ ስሟንም ያወጡላት የኛ ሰዎች ናቸው። እናታችንን በዕድሜ ብትበልጥም ማናችንም «እትዬ» ብለናት አናውቅም። ትረካውን ለዓመታት ስትሰማ ትንፍሽ አላለችም ነበር።

«ወንድሜ ገብቶ አልወጣም፣ ጌታዬ» አለች። «በቅሎዎቹን ያኔ ነው ወደ ላይኛው መሻገሪያ የመለሷቸው።»

ይቆጣታል ብዬ ፈራሁ። አልተቆጣም። ፍሙን እያየ ትንሽ አሰበና «ወንድምሽ የትኛው ነበር?» አላት።

ደስታ ሳህኗን ማጠቧን ቀጠለች። እሱም በማግስቱ ያንኑ ትረካ ያንኑ ኩራት ጨምሮ ተረከው፤ ወንድሞቼም እንደ ልማዳቸው አፋቸውን ከፍተው ሰሙት። እኔ ተነስቼ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ እሳቱ ዳር አልተቀመጥኩም።

ዛሬ አውቶቡሱ ጎጀብን በድልድይ ሽው ብሎ ሲያልፈው ተሳፋሪው እንቅልፍ ላይ ነው። የድሮ ነጋዴ አገር አቀና የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ግን ደሜ ይፈላል፤ ክርክር እገጥማለሁ፤ አያቴንም በስሙ እየጠራሁ እረግማለሁ። ደስታ ከዚያ ምሽት በኋላ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ነበረች፣ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አስደግፋ። ወንድምሽ ማን ይባል ነበር ብዬ አንድ ቀንም አልጠየቅኋትም።